«ይቻላቸዋል»፡- የዓለም አቀፍ ቋንቋዎች ሚና በአንድ ግስ ታሪክ ሲመረመር

ስለ ዓለም አቀፍ ቋንቋዎች የሚጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አቋም አንዱን ይዞ ይነሣል። አንደኛው ወገን እነዚህ ቋንቋዎች መንግሥትን ከመንግሥት፣ ነጋዴን ከነጋዴ፣ ሊቅን ከሊቅ የሚያገናኙ መሆናቸውን እያነሣ ያመሰግናቸዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ ከአደባባይ እያስወጡ ወደ ጓዳ የሚመልሱ መሆናቸውን እያነሣ ይከሳቸዋል። ሁለቱም የየራሳቸው ማስረጃ ስላላቸው ክርክሩ በቀላሉ የሚቋጭ አይደለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንቋጨው አልተነሣንም። የምንሞክረው ጉዳዩን ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁና ከተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ ሆነን ማየት ነው። ከዚያ ሲታይ ጥያቄው «ይህ ቋንቋ ምን ያህል ሰው ይናገረዋል?» የሚል አይሆንም፤ «ሁለት ጽሑፎች ሲለያዩ እንደ ማስረጃ የሚያዘው የማን ጽሑፍ ነው?» የሚል ይሆናል። ለዚህም አገራችን በጦርና በደም የከፈለችበትን አንድ ግስ መነሻ እናደርጋለን።

1. ከሮማይስጥ እስከ እንግሊዝኛ

በኤውሮፓ ነገሥታት መካከል የሚደረግ ውል ለረጅም ዘመን የሚጻፈው በላቲን፣ አባቶቻችን ሮማይስጥ በሚሉት ቋንቋ ነበር። በ1648 እ.ኤ.አ. የሠላሳውን ዓመት ጦርነት የዘጉት የዌስትፋልያ ውሎች በዚሁ ቋንቋ ተጻፉ። ላቲን በዚያን ጊዜ የማንም አገር የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስላልነበረ፣ በእርሱ መዋዋል ማንንም የበላይ ማንንም የበታች አያደርግም ነበር።

በ1714 እ.ኤ.አ. በራሽታት በፈረንሳይ ንጉሥና በጀርመን ንጉሠ ነገሥት መካከል የተደረገው የሰላም ውል ግን በፈረንሳይኛ ተጻፈ። ይህ አዲስ ነገር ስለ ነበረ፣ በፈረንሳይኛ መጻፉ ለወደፊቱ እንደ ልማድ እንዳይቆጠር የሚል ማሳሰቢያ ታከለበት። በ1815 እ.ኤ.አ. የቪየና ጉባኤ የመጨረሻ ሰነድም በ120ኛው አንቀጹ ይህንኑ ዓይነት ማሳሰቢያ አኑሯል። መቶ ዓመት ሙሉ «ልማድ አይሁን» እየተባለ የተጻፈበት ቋንቋ በመጨረሻ ልማድ ሆኖ ቀረ። ዓለም አቀፍ ቋንቋ በአዋጅ እንደማይነግሥ፣ በአዋጅም እንደማይሻር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የፈረንሳይኛ ብቸኛ ሥልጣን ያበቃው በ1919 እ.ኤ.አ. የቬርሳይ ውል በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የጸኑ ሲባሉ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ደግሞ ቻይንኛን፣ ፈረንሳይኛን፣ ሩስኛን፣ እንግሊዝኛንና ስፓንኛን እኩል አጸና፤ ዓረብኛ በ1973 እ.ኤ.አ. ከድርጅቱ ቋንቋዎች ጋር ተደመረ። እንግዲህ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ከአንድ የጋራ ቋንቋ ወደ ብዙ እኩል ጽሑፎች ተሸጋገርን ማለት ነው። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ውል አከራካሪ የሚሆነው በትርጓሜው ብቻ ነው፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ግን በትርጉሙም ጭምር ያከራክራል። የኢትዮጵያ የዘመናዊ ዲፕሎማሲ ታሪክም የሚጀምረው በዚሁ ክርክር መካከል ነው።

2. የአንቀጽ 17 ግስ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ሜይ 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ.) በውጫሌ፣ በዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያን መንግሥት ወክለው በመጡት በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች ነበሩት፤ የተጻፈውም በአማርኛና በኢጣልያንኛ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ በዚህ ግስ ፈንታ «ኮንሴንቴ» የሚለውን ቃል ያስቀምጣል፤ ይህም «ይስማማሉ፣ ተስማምተዋል» ማለት ነው።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ «አንዱ ፈቃድ፣ ሌላው ግዴታ» ብለው ያልፉታል። ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ግን ጉዳዩ ከዚህ ጠለቅ ይላል። በመጀመሪያ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ተለውጧል። «ይቻላቸዋል» በሚለው ግስ ባለቤቱ መላላኩ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተሳቢው ቅጥያ «-አቸው» የተመለከቱ፣ ነገሩ የተፈቀደላቸው ወይም የተመቻቸላቸው ናቸው። በኢጣልያንኛው ግን ባለቤቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው፤ አድራጊ ሆነው ቃል የሚሰጡ፣ በሰጡትም ቃል የሚታሰሩ እርሳቸው ናቸው። አንዱ በር መከፈቱን ይነግራል፤ ሌላው ሰውየው በበሩ ለመግባት ቃል መስጠቱን ይነግራል።

ሁለተኛው ነገር፣ የኢጣልያንኛው ቃል ራሱ በግልጽ «ግዴታ አለባቸው» የሚል አለመሆኑ ነው። ስምምነቱን ወደ ግዴታ፣ ግዴታውንም ወደ ሞግዚትነት ያሸጋገረው ከቃሉ በላይ የአነባበቡ መንገድ ነበር። የክሪስፒ መንግሥት በኦክቶበር 1889 እ.ኤ.አ. አንቀጹን በ1885 እ.ኤ.አ. የበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ መሠረት ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። የተላከላቸው መንግሥታት ያነበቡት የአማርኛውን ጽሑፍ አልነበረም፤ ሊያነቡትም አይችሉም ነበር። ምኒልክ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ዘውድ በዓላቸው ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት ሲጽፉ፣ ጉዳያቸውን በኢጣልያ በኩል ማቅረብ እንደሚገባቸው የሚገልጽ መልስ መጣላቸው። የራሳቸው ውል በሌላ ሰው ቋንቋ ዓለምን ዞሮ ሌላ ውል ሆኖ የተመለሰላቸው በዚህ መንገድ ነው።

የውሉ 19ኛ አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ መሆናቸውን ይናገራል፤ ስለዚህም ሁለቱም እኩል የጸኑ ይሆናሉ ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ለተርጓሚ ማስጠንቀቂያ የለም። ጽሑፎች የሚስማሙት እንደሚስማሙ ስለ ተጻፈ አይደለምና። ልዩነቱ ከተንኮል መጣ ወይስ ከቸልተኝነት የሚለው ጉዳይ ሊቃውንትን አከራክሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂልዮ በዚሁ አንቀጽ ላይ በጽሑፍ ተሟግተዋል። እኛ ከሁለቱ ለአንዱ ለመፍረድ አንነሣም። የሚያሳስበን፣ በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ ሁለቱን ግሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የመዘነ አንድ ሥርዓት አለመኖሩ ነው።

ምኒልክ በሴፕቴምበር 27 ቀን 1890 እ.ኤ.አ. ለኢጣልያ ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ የማይመሳሰሉ መሆናቸውን አስታወቁ። በ1891 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንቶኔሊ ለድርድር ወደ ሸዋ ተመልሰው በነበሩ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ አንቀጹ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሏቸው የተቀበሉት የአማርኛ ጽሑፍ፣ አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ ኢጣልያንኛ ባለማወቅ የደረሰው ጉዳት በዚህ ጊዜ አማርኛን አጣርቶ ባለማንበብ በሌላው ወገን ላይ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1893 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ውሉ የማይጸና መሆኑን አስታወቁ፤ ክርክሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ተፈታ።

3. መዝገበ ቃላት የሌለው ድርድር

በዚያን ጊዜ አንድ ተርጓሚ በእጁ ምን መሣሪያ ነበረው? የሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላት በ1698 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1841 እ.ኤ.አ. ወጣ። የአንትዋን ዳባዲ የአማርኛ-ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1881 እ.ኤ.አ. ቀጠለ። የኢግናሲዮ ጉይዲ ሰፊ የአማርኛ-ኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት የታተመው ግን በ1901 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማለት ከውጫሌ ውል 12 ዓመት፣ ከዐድዋ ጦርነትም 5 ዓመት በኋላ። ውሉ በተጻፈባቸው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ይህን የመሰለ መዝገበ ቃላት የተገኘው ከጦርነቱ ወዲህ መሆኑ ነው።

የእነዚህ መጻሕፍት ቅደም ተከተል ራሱ የዓለም አቀፍ ቋንቋዎችን ታሪክ በአጭሩ የሚያሳይ ነው። ላቲን የሊቃውንት ቋንቋ በነበረበት ዘመን አማርኛ በላቲን ተፈታ። የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ሲመጡ በእንግሊዝኛ ተፈታ። የፈረንሳይ አሳሾች ሲመጡ በፈረንሳይኛ፣ ኢጣልያ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቅኝ ግዛት ካቆመች በኋላ ደግሞ በኢጣልያንኛ ተፈታ። ሥራዎቹ ታላቅ ድካም የፈሰሰባቸውና እስከ ዛሬም የምንጠቀምባቸው ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ የተሠራው አማርኛን ማወቅ ለሚፈልገው የውጭ ሰው ነው። አማርኛን በአማርኛ የሚፈቱት ትላልቆቹ መዝገበ ቃላት፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ታተሙ። «ይቻላቸዋል» ተጽፎ ከተፈረመበት ቀን እስከ መጀመሪያው ድረስ 70 ዓመት ማለፉን ልብ ይሏል።

4. ከዐድዋ በኋላ የተያዙ ሦስት መንገዶች

ድል አድራጊው መንግሥት ከውጫሌ የተማረው ትምህርት ከዚያ በኋላ በተጻፉት ሰነዶች ላይ ይነበባል።

የመጀመሪያው መንገድ ሦስተኛ ቋንቋ መምረጥ ነበር። በኦክቶበር 26 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተፈረመውና ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ ገደብ የተቀበለችበት የሰላም ውል በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጻፈ። ተዋዋይዋ ኢጣልያ ሆና ሳለች ኢጣልያንኛ ቀረ። ዓለም አቀፉ ቋንቋ እዚህ ላይ የተጠራው እንደ ገዢ አይደለም፤ ከተዋዋዮቹ የአንዳቸውም ስላልሆነ እንደ ሽማግሌ ነው። ከዚህም በላይ ሌሎች መንግሥታት ውሉን ያለ ኢጣልያ አስተርጓሚነት ሊያነቡት ቻሉ።

ሁለተኛው መንገድ የራስን ጽሑፍ ማጽናት ነው። በጁላይ 10 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ከኢጣልያ ጋር የተደረገው የወሰን ውል በኢጣልያንኛና በአማርኛ ተጽፎ ሁለቱም የጸኑ ከተባሉ በኋላ፣ የአጻጻፍ ስሕተት ቢገኝ ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛው ጽሑፍ የሚመሩ መሆናቸው ተጨመረበት። ከ11 ዓመት በፊት «ፍጹም ይስማማሉ» የሚል ቃል በነበረበት ቦታ፣ አሁን «ባይስማሙስ?» የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ገባ።

ሦስተኛው መንገድ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ታየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ ቢያውቁም፣ ሥራውን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በሚያካሂደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ሰሚው ወደ ተናጋሪው ቋንቋ በአስተርጓሚ እንዲመጣ ተደረገ። ንግግሩ የፖለቲካ ፍሬ በጊዜው እንዳላፈራ የታወቀ ነው። ነገር ግን ተርጓሚው ለማን እንደሚሠራ፣ የመጀመሪያው ቃልም የማን እንደ ሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግልጽ ነበር።

እነዚህን ሦስት መንገዶች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንዳቸውም ዓለም አቀፍ ቋንቋን አሻፈረኝ ማለት አይደሉም፤ ዓለም አቀፉን ቋንቋ ለተገቢው ሥራ መድቦ፣ የራስን ቃል ግን ከመዝገብ አለማስወጣት ናቸው።

5. ችግሩ የታናናሽ ቋንቋዎች ብቻ ነውን?

የውጫሌን ጉዳይ የአማርኛ ድክመት አድርጎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ከዚህ አስተሳሰብ የሚያወጡን ሁለት ምሳሌዎች እናንሣ።

በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ በዋይታንጊ በእንግሊዝ መንግሥትና በማኦሪ ባላባቶች መካከል የተፈረመው ውል የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሉዓላዊነትን የሚያስረክብ ነው። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ዊልያምስና ልጃቸው ወደ ማኦሪ ሲተረጉሙት «ካዋናታንጋ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ይህም «ገዥ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በውሰት ከተገኘው «ካዋና» የተመሠረተ ሲሆን፣ አስተዳደርን እንጂ ሉዓላዊነትን በሙሉ የሚገልጽ አይደለም። አዲስ ስያሜ ሲፈጠር ጽንሰ ሐሳቡ በሙሉ ካልተሸከመው ምን እንደሚከተል፣ የኒው ዚላንድ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚከራከርበት ጉዳይ ያሳያል። የስያሜ ሥራ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን ለእኛ የሚያስታውስም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በሁለት ታላላቅ ቋንቋዎች መካከል የደረሰ ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መቋቋሚያ ሕግ 41ኛ አንቀጽ ስለ ጊዜያዊ እርምጃዎች ሲናገር፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ቢወሰዱ የሚገባ» ወደሚል ምክር የሚያዘነብል ግስ አለው፤ የፈረንሳይኛው ግን «ሊወሰዱ የግድ ነው» ይላል። ፍርድ ቤቱ በማርች 3 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ስቴትስ ዋልተር ላግራንድ የተባለውን ጀርመናዊ በሞት እንዳትቀጣ ቢያሳስብም፣ ፍርዱ በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ማሳሰቢያው ምክር ነው ወይስ ትእዛዝ የሚለው ጥያቄ የተወሰነው በጁን 27 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ውሎች ሕግ በ1969 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የቪየና ስምምነት 33ኛ አንቀጽ ጠቅሶ፣ እኩል የጸኑ ጽሑፎች ሲለያዩ የሕጉን ዓላማ አይቶ ማስታረቅ እንደሚገባ ገለጸ፤ እርምጃዎቹም አስገዳጅ ናቸው ብሎ ፈረደ። ለዚያ ሰው ግን ፍርዱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነበር።

በውጫሌ «ይቻላቸዋል» እና «ይስማማሉ»፣ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት «ይገባል» እና «የግድ ነው»፤ በሁለቱም ስፍራ ሰው የጠፋው በስም ላይ አይደለም። ሁለቱም ወገን ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ያውቁ ነበር። የተለያዩት በረዳት ግስ ላይ ነው።

6. ከአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚጠበቀው

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ያዘ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተም ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ዳኛው በእጁ የያዘው የአማርኛ አንቀጽ ግልጽ ካልሆነለት ወደ እንግሊዝኛው ይሄዳል፤ እርሱም ራሱ ትርጉም መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅም በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይ ይሆናል ይላል። ይህ የ1900ው እ.ኤ.አ. ውል መንፈስ ነው። ነገር ግን አንድን ጽሑፍ የበላይ ማድረግ ግልጽ አያደርገውም።

በእርግጥ በአማርኛ ራሱ ያልተለየ ነገር አለ። «ይቻላል» ማለት ችሎታንም ፈቃድንም ያመለክታል፤ አፍራሹ «አይቻልም» ግን «አይሆንም፣ ከዓቅም በላይ ነው» ከማለት አልፎ ክልከላም ይሆናል። «ማጨስ አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ስለ ሳንባው ዓቅም እንደማያስብ የታወቀ ነው። «ይገባዋል» ደግሞ መብትንም ግዴታንም ይሸከማል፤ «ለሠራተኛው ዕረፍት ይገባዋል» ስንል መብቱን፣ «ሠራተኛው በሰዓቱ መገኘት ይገባዋል» ስንል ግዴታውን ተናገርን። በዕለት ንግግር ዐውዱ ስለሚለየው አንሳሳትም። በውል ላይ ግን ሁለቱ ትርጉሞች የአሠሪውና የሠራተኛው ሁለት የተለያዩ ዕጣዎች ናቸው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የምትሄድ እኅታችን በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል በአማርኛ ሲነበብላት፣ ደመወዟና ዕረፍቷ የሚያርፈው በዚሁ ዓይነት ግስ ላይ ነው። ከእርሷ ጋር የሚቆም ግራዝማችም ሆነ አማካሪ የለም፤ ያለው ተርጓሚው ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ለመዝገበ ቃላትና ለስያሜ ሥራችን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሳይንስና የቴክኒክ ስሞችን ለማበልጸግ የምናደርገውን ጥረት ያህል ለረዳት ግሶችም እናድርግ፤ ለችሎታ፣ ለፈቃድ፣ ለመብት፣ ለግዴታና ለክልከላ በሕግና በውል ጽሑፍ የሚያገለግል አንድ አንድ የተወሰነ አነጋገር ይመደብላቸው። ሁለተኛ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ቻለ» እና «ተገባ» የመሳሰሉት ግሶች ሲፈቱ የአድራጊውና የተሳቢው ቅጥያ የሚያመጣው የትርጉም ለውጥ ከነምሳሌው ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ አንድ ሰነድ በዓለም አቀፍ ቋንቋ አማካይነት ከሦስተኛ ቋንቋ የተተረጎመ ሲሆን መነሻው ይገለጥ።

በ1963 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ቻርተር የድርጅቱን የሥራ ቋንቋዎች ሲዘረዝር፣ ቢቻል የአፍሪቃ ቋንቋዎች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይላል። ስዋሂሊ ከአፍሪቃ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። «ቢቻል» ከምትለው ቃል እስከ ተቻለበት ቀን 59 ዓመት ፈጀ። አህጉራዊው ጉባኤ ከተማችን ውስጥ ቢሰበሰብም አማርኛ እስከ ዛሬ በዚያ ዝርዝር በስሙ የለም።

እንግዲህ የዚህች ግስ ታሪክ ረጅም ነው። በውጫሌ ለንጉሠ ነገሥቱ የተከፈተላቸውን በር ተናገረች፤ ሌሎች እንደ ሰንሰለት አነበቧት። የዓለም አቀፍ ቋንቋዎችን ኃይል የሚያሳየው የተናጋሪያቸው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በእነርሱ የተጻፈው ጽሑፍ ለሦስተኛ ወገን የሚነበብ መሆኑ ነው። የእኛም ጽሑፍ በዚያ ዓለም ውስጥ ቃሉን ጠብቆ እንዲቆም፣ ከአደባባይ በፊት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። «መቆም አለበት» ስንል «ይቻለዋል» ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ እንደሚለይልን እናምናለን።